አሥር ዙር፣ የሰው እጅ ሳይነካው

እሁድ እሁድ ከአዳራሹ ስንመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪናውን ቦዲ ማጠብ ነበር። ቦዲው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ከጫማ ካርቶን ትንሽ ይረዝማል፣ ሲያነሱት ግን ባዶ ኩባያ ያህል እንኳ አይከብድም። በላዩ ላይ የጣት አሻራዎች ይኖሩበታል፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቁ። አባዬ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን ሊታጠብ ይገባል። እኔ ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ ይዤ እቀመጣለሁ። ሰፋፊዎቹ አሻራዎች የአናጢው ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያርፉት ቀጫጭኖቹ የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ እሱ ማንኛውንም ነገር እንደ ጠመኔ በሁለት ጣት ነው የሚያነሳው። አባዬ ራሱ መኪናውን ሁልጊዜ ከሥሩ ስለሚይዝ የእሱ አሻራ ቦዲው ላይ አይገኝም። ታጥቦ ሲወጣ ቦዲው ነጭ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለ አሻራዎቹ አንድ ቀን እንኳ አንስተን አናውቅም።

አዳራሹ ድሮ የቤት ዕቃ መጋዘን ነበር። አሁን እሁድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ስምንት ሰዎች በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎቻቸውን ይዘው ይሰበሰቡበታል። አብዛኞቹ ጎልማሶች ናቸው፤ ሁለቱ ሦስቱ የልጅ ልጅ ያዩ። የሚነዱበት መንገድ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ የተከለለ ነው፤ ስድስት ኩርባ አለው። ነጂዎቹ አራት ደረጃ ባለው የእንጨት መድረክ ላይ ተሰልፈው ቆመው ወደ ታች እያዩ ይነዳሉ። ሲሚንቶው ስለሚያንሸራትት ጠዋት ስኳር በውሃ በጥብጠው ይረጩበታል። ሲደርቅ ጎማ ይይዛል። ሲራመዱበት ጫማ ጨርቅ እንደሚቀደድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ጎማዎቹ ታዲያ ስኳሩንና አቧራውን እየጠረጉ ጥቁር ሙጫ ይሰበስባሉ፤ የተገለበጠ መኪና ያነሳ ሰው ያንን ሙጫ በጣቱ ይዞ ቦዲው ላይ ያትመዋል።

ደንቡ ቀላል ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በሁለት ቡድን፣ በየተራ አሥር አሥር ዙር ይነዳሉ። አንዱ ቡድን ሲነዳ የሌላው ሰዎች በየኩርባው ይቆማሉ፤ መኪና ሲገለበጥ ወይም ቱቦው ላይ ሲንጠለጠል ሮጠው ያቃኑታል። አንሺ ይባላሉ። በሩ ላይ በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል፤ «ያላነሳ አይነዳም።» ሽምግልና ከዚህ አያድንም፣ ገንዘብም አያድንም። አባዬ ግን ከታመመ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አይሆንለትም። በእሱ ፈንታ የማነሳው እኔ ነኝ። ቦታዬ ሦስተኛው ኩርባ፣ ምሰሶው አጠገብ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንድ ቀን አናጢው መኪናው ሲገለበጥበት «ሦስተኛዋ! እመቤት ሦስተኛዋ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሦስተኛዋ ይሉኛል። እንደ ወደድኩት ለማንም አልተናገርኩም።

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ሰባት ቁጥርን። ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር ግራ ጎኑን ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የእጁም ጉልበት ተመለሰ። ያልተመለሰው ስሜቱ ነው። ብርጭቆ በግራ እጁ ሲይዝ ዓይኑን ከእጁ ላይ አይነቅልም። ካላየው መያዙን አያውቅም። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ያን ክረምት አባዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ያያል። እኔ ከሥራ ስገባ «ሰባት ቁጥር ዛሬ ዘገየ» ይለኛል። «እሺ» እላለሁ። የቀኑ ጨዋታችን ያ ነበር።

ወደ አዳራሹ የወሰደው ሰዓት ሠሪው ነው። ሰዓት ሠሪው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በአባዬ አውቶቡስ፣ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጦ ሱቁ ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። አዳራሹን የሚመራው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሁለቱንም ቡድን ዙር የሚቆጥረው እሱ ነው። ዓይኑን ለሥራው እየቆጠበ መንዳት ስለተወ አሮጌ መኪናውን ከነሪሞቱ ለአባዬ ሰጠው። «ያንተን ብድር በምን እመልሳለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሱቅ አርፍጄ አልገባሁም» አለው። አባዬ በዚያ ሳምንት ጢሙን ተላጨ።

ችግሩ ግራ እጁ ነው። የሪሞቱ መሪ በቀኝ እጅ ይዞራል። ነዳጁ ደግሞ፣ አባዬ ባትሪ መሆኑን እያወቀ ነዳጅ ነው የሚለው፣ በግራ ሌባ ጣት የሚሳብ ቃታ ነው። ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ቀስ እያሉ ነው የሚሰጡት። ከበዛ የኋላ ጎማ መሬት ይለቅቃል፤ መኪናው ይሾርና ቱቦው ላይ ይወጣል። የአባዬ መኪና በየዙሩ ማለት ይቻላል ይሾር ነበር።

«ሹፌሩ፣ ዛሬም የኋላውን በር ከፍተው ነው እንዴ የሚነዱት?» ይላል ከጎኑ ቆሞ የሚነዳው የጥርስ ሐኪም።

«አንተ ጥርስ ነቃይ፣ አፍህን ዝጋና ንዳ።»

«አፌን ከዘጋሁ ማን ሊያየኝ ይመጣል? ማስታወቂያዬ እኮ ነው!»

መድረኩ ይስቃል። አባዬም ይስቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አውቶቡሱ ውስጥ የሚያየው የሹፌሩን እጅ ብቻ ነው።

መኪናው ስድስት ጊዜ በተነሳበት እሁድ፣ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠን ሳለ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ስንት እሁድ ቀረ?» አለኝ።

«ሦስት።»

«አንድ ጊዜ አሥር ዙር ልጨርስ። የመጨረሻ ልሁን ግድ የለም። ብቻ የሰው እጅ ሳይነካኝ። በሦስቱ እሁድ ካልሆነልኝ መኪናውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።»

«ጎማው አርጅቶ ነው እኮ አባዬ።»

የሹፌሩን እጅ እያየ ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ፣ «አንድ ቀን በጎታች ጋራዥ ገብቼ አላውቅም።»

መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ታየኝ። ሰባት ቁጥር ዛሬ ዘገየ። እሺ።

የምሠራው የጫማ ሶል በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ፣ አራቱንም ዓመት የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከተመረቅሁ በኋላ የገባሁት መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ የአንድ ሰው ነው፤ እኔና አንድ ማሽን። ማሽኑ ሶሉን ሳሙና ባለበት እርጥብ ሸክላ ላይ ይጎትትና ምን ያህል እንደያዘ በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከተወሰነው በታች ከሆነ «ወደቀ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ «አለፈ»። በዛ የሚባል ቁጥር የለም። ሰው እንዳያንሸራትተው እንጂ ጫማው መሬት አጥብቆ ያዘ ብሎ የሚከስ አላየሁም። ጠዋት ናሙና ከሚያመጣው ሰው ጋር ደህና አደርክ ከተባባልን በኋላ እስክወጣ ድረስ አንድ ቃል የማልናገርበት ቀን አለ።

የአባዬን መኪና ያየሁት በዚያ ክፍል ዓይን ነው። ጣቱን አላየሁም። ጎማ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ጎማው ይለስልስ።

ሰኞ ዕለት መጋዘን ጠባቂዋ ዘንድ ወረድኩ። በዕድሜ እናቴን የምታህል፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ትንሽ የጎማ ማለስለሻ ዘይት ፈልጌ ነበር።»

«ለምርመራ?»

«አይ፣ ለቤት።»

«ቤትሽ ምን ደርቆብሽ ነው?»

«ለአባቴ ነው» አልኩ።

«ኧረ በስመአብ! አባትሽን በዘይት አሽተሽ ልታለሰልሺው ነው?» ብላ ሳቀች። ፊቴ ሲቀላ ዓይታ ግን ሌላ አልጠየቀችም፤ በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። «ውሰጂው የኔ ልጅ፤ እሱን ካለሰለሰልሽ ለኔም ባል ትንሽ ታመጪያለሽ።»

የመኪናው ቦርሳ የሚቀመጠው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። አባዬ እዚያ ስለማይደርስ እሁድ እሁድ የማወርድለት እኔ ነኝ፤ በአዘቦት ቀን አይነካውም። ስለዚህ በየጠዋቱ እሱ ሳይነሳ አወርድና መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋ ነበር። መጀመሪያ ለካሁ። የኋላ ጎማዎቹ እንዳይዞሩ የእንጨት ቁራጭ ሸጎጥኩባቸው፤ ከዚያ መኪናውን በእጅ ሚዛን መንጠቆ ይዤ በወለሉ ሸክላ ላይ ጎተትኩት። ስድስት መቶ ሃያ ግራም ሲደርስ ተንሸራተተ። ጎማዎቹን ፈትቼ ዘይቱን በጥርስ ብሩሽ ቀባሁ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ሲመሽ ከሥራ መጥቼ እነካቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጥፍር ሲጫናቸው ምልክት መያዝ ጀመሩ።

የመጀመሪያው እሁድ መኪናው ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሳ።

«ዛሬ መሬት ይይዛል» አለ አባዬ፣ ግራ እንደተጋባ ሰው። ከዚያ ሪሞቱን አገላብጦ አየ።

«አየህ፣ አያያዙን እየለመድከው ነው» አልኩት። መዋሸቴ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲያ ደስ ሲለኝ በሁለተኛው ሳምንት አበዛሁት። ዘይቱን በየጠዋቱ ደገምኩ። የኋላውን ሞላ ላላ ባለ ሞላ ቀየርኩት፤ ሰዓት ሠሪው ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ትቶ ነበር። ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ ባትሪውን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋሁት። ቅዳሜ ጠዋት ስጎትተው ሚዛኑ አንድ ሺህ አንድ መቶ አልፎ ሄደ። ሥራ ቦታ ቢሆን ኖሮ «አለፈ» ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምር ነበር።

በሁለተኛው እሁድ የሒሳብ መምህሩ ወገቡን አሞት ቀረ። የአባዬ ቡድን ሲነዳ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሚቆመው እሱ ነበር።

«ሦስተኛዋ፣ በዚህኛውም ተራ አንቺው ያዢልን» አለኝ ሰዓት ሠሪው።

የአባዬን መኪና ከዚያ በፊት አንስቼ አላውቅም። ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ፤ እጆቼን ኋላዬ አጣመርኩ።

የመጀመሪያው ዙር ደህና ሄደ። መኪናው ኩርባውን ሲዞር አልሸሸም፤ የተሰፋ ያህል መሬት ይዞ ዞረ። ልቤ ሞቀ። በሁለተኛው ዙር እዚያው ሲደርስ በውስጠኛው ጎን ያሉት ሁለት ጎማዎች ከመሬት ተነሱ። መንሸራተት ሲያቅተው መኪናው ወደ ውጭ አጋደለ፣ ተገለበጠ፤ በጣሪያው ተንፏቅቆ ጎማዎቹን ወደ ላይ እያሽከረከረ ቆመ።

«ሦስት!» ብለው ጮኹ ከመድረኩ።

ሮጥኩ፤ አቃናሁት። እጄ ላይ ጎማው እንደ ማስቲካ ተለጠፈ። በሦስተኛው ዙር ተገለበጠ። በአራተኛውም።

«ሹፌሩ፣ አውቶቡሱን አጥበው ሊያሰጡት ነው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

በአምስተኛው ዙር ቀና ብዬ ወደ መድረኩ አየሁ። አባዬ መኪናውን አያይም ነበር። ዓይኑ ግራ ጣቱ ላይ ነበር፤ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲይዝ እንደሚያየው። መኪናው ኩርባውን ስቶ ቀጥ ብሎ መጣና ጫማዬን መትቶ ቆመ። ጎንበስ ልል ስል አባዬ «ይብቃ» አለ። ጮክ ብሎ አልነበረም፤ አዳራሹ ግን ሰማ። ሪሞቱን መደገፊያው ላይ አስቀምጦ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ቀኝ እግሩን እያስቀደመ ወረደ።

ቤት ስንደርስ ውሃና ጨርቄን ይዤ ተቀመጥኩ። ቦዲው ላይ ያሉት አሻራዎች ትንንሽ ነበሩ። ሁሉም የእኔ። ማጠብ ሳልጀምር አባዬ እጁን እያደረቀ ወጣና፣ ወደ መስኮቱ ሳይሄድ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጎማውን ተጫነው። ምልክቱ ቀረ።

«ይሄን ጎማ ምን አድርገሽው ነው?»

«ዘይት ቀባሁት። ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ሞላውስ?»

«እሱንም።»

«ባትሪውም ወደ ኋላ ሄዷል።»

«አንድ ጣት ያህል።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ሌላው ጎኔም ሊከዳኝ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ነበር» አለ። «እጄ ያው ነው፤ መኪናው ግን ካለፈው እሁድ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነብኝ።»

አባዬ ባዶ ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሳና ወደ ግራ እጁ አዛወረው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይዤዋለሁ?»

«ይዘኸዋል።»

«እኔ አላውቅም። አንቺ ስላልሽኝ ነው።» ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። «አሁንስ?»

ብርጭቆው ማጋደል ጀመረ። ሳላስበው ሁለት እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ። ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ ያየው እጆቼን ነው።

«አየሽ» አለ፣ ሳይቆጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ቃታውን ምን ያህል እንደሳብኩት ማን ይነግረኛል? ጣቴ? ጣቴ ከተኛ ዓመት አለፈው። ሲነግረኝ የነበረው የመኪናው ጀርባ ነው። ትንሽ ሸሸት ሲል፣ በዛ ማለት ነው፣ ለቀቅ አደርጋለሁ። ሲመለስ ደግሞ እጨምራለሁ። ቀስ እያልኩ እየገባኝ ነበር። ከስድስት ጊዜ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አራት እወርድ ነበር ይሆናል። አንቺ ግን መንሸራተቱን አጠፋሽብኝ። ዝም ብሎ ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ አንዴ ይገለበጣል። ምንም ሳይነግረኝ።»

«እንዳትተወው ብዬ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

ውጭ አውቶቡስ አለፈ። ሁለታችንም አልዞርንም።

«መንሸራተቴን መልሺልኝ» አለ። «እሁድ ደግሞ ብቻዬን ልሂድ።»

«ማን ያነሳልሃል? ደንቡ—»

«ከሰዓት ሠሪው ጋር ተነጋግረናል፤ አንቺ ቦርሳውን ስታነሺ። በእኛ የማንሳት ተራ እሱ ሦስተኛው ላይ ይቆማል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዙር እቆጥራለሁ። ፌርማታ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ዙር ያቅተኛል?»

«አያቅትህም» አልኩ።

ጎማ የጠጣውን ዘይት አይተፋም፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያለው መንገድ የለሰለሰውን ፊት መፋቅ ነው። በየጠዋቱ ጎማዎቹን በውሃ እየነከርኩ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኳቸው። ጥቁር ውሃ በመታጠቢያው ቀዳዳ ይወርዳል። አሁን መደበቅ ስለሌለብኝ በሩን ክፍት ትቼዋለሁ፤ አባዬ ተነስቶ ሲያልፍ ቆም ይልና «ስንት ደረሰ?» ይላል። ስምንት መቶ። ሰባት መቶ ሃምሳ። ሞላውን መለስኩ፤ ባትሪውን መለስኩ። ዓርብ ዕለት ስድስት መቶ አርባ ላይ ተንሸራተተ። «ይብቃው» አለ።

በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታ አንድ ናሙና ዝቅተኛ ቁጥር አመጣ። «ወደቀ» ብዬ ከመጻፌ በፊት ሶሉን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ጻፍኩ፤ ጫማ ነውና።

እሁድ «ቦርሳዋን አውርጂልኝ» አለኝ። አወረድኩለት። በቀኝ ትከሻው አንጠለጠለው። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ድምፅ እስከ ታች ሰማሁ፤ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ሳብ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ፌርማታው ላይ ሲቆም አየሁት። ሰባት ቁጥር መጣ። በፊተኛው በር ተሳፈረ፤ ሹፌሩ እጁን አንስቶ ሰላም አለው።

ከዚያ ምን እንደምሠራ አላወቅሁም። ልብስ አጠብኩ። የታጠበ ኩባያ ደግሜ አጠብኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስኳሩ ደርቋል አልኩ፤ ስምንት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያው ቡድን ጀምሯል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሰዓት ሠሪው ቆሟል። እንደ እኔ ምሰሶውን ይደገፍ ይሆን? ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባዬ መድረኩ ላይ ይወጣል። አሥር ዙር ሰባት ደቂቃ አይፈጅም። የእጅ ሰዓቴን ሰባት ደቂቃ ሙሉ አየሁት። ሲያልቅ እጆቼ ጉልበቴ ላይ ተዘርግተው፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ነበር። አጠፍኳቸው።

የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ሆነ። ሁለት አውቶቡስ አለፈ፤ አንዱ ሦስት ቁጥር፣ አንዱ አሥራ ሁለት።

«ሰባት ቁጥር ዛሬ ዘገየ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ድምፄ ባዶው ክፍል ውስጥ ሲሰማኝ ደነገጥኩ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ገባ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። መኪናውን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እንዴት ነበር?»

«ዘጠነኛ ወጣሁ።»

«ከስንት?»

«ከዘጠኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

«ጥርስ ነቃዩ ሦስቴ ደርቦኝ አለፈ። "ሹፌሩ፣ ፌርማታ ላይ ነው እንዴ የቆሙት?" ይለኛል።»

«ምን አልከው?»

«"እርጉዝ ሴት እያሳፈርኩ ነው፣ አትጩህብኝ" አልኩት።»

ጫማውን ለማውለቅ ተቀመጠ። ማሰሪያውን በቀኝ እጁ ብቻ ሲፈታ ቆሜ አየሁት። ልረዳው አልጎነበስኩም።

«ሰዓት ሠሪው፣ ሦስተኛዋ የት አለች አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ቤት ናት አልኩት።» ከዚያ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ውሃው ቀድሞ ለብ ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ጨርቄን ይዤ ተቀመጥኩ፤ መኪናውን ወደ መብራቱ አዞርኩት። ጎማዎቹ ጥቁር ሙጫ ለብሰዋል። በቀኝ ጎኑ ቦዲው ቱቦውን ታክኮ የሄደበት ረጅም ጭረት አለ፤ ሸሽቶ የተመለሰበት። ጣሪያውን አየሁ። ፊቱን አየሁ። ጠርዞቹን አንድ በአንድ፣ ሥራ ቦታ ናሙና እንደማገላብጠው አገላበጥኩ። አቧራ ነበር። የጣት አሻራ አልነበረም።

ድጋሚ አየሁ። አልነበረም።

ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ረዘም ያለ ጊዜ ይታጠባል። ተነስቼ ለብ ያለውን ውሃ ደፋሁ፤ ጨርቁን እንደ ደረቀ ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

አባዬ ሲወጣ መኪናውን አየ፣ ጨርቁን አየ።

«አላጠብሽውም?»

«ምኑን ልጠበው?»

ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ይዞ። እኔ መኪናውን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ልሰቅለው ወንበር ስቤ ነበር፤ ከዚያ ወንበሩን መለስኩት። በሩ አጠገብ፣ ደረት ድረስ በሚመጣው መደርደሪያ ላይ ያሉትን አሮጌ ጫማዎች አነሳሁና፣ ሳይንጠራሩና ሳይጎነበሱ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት።

የሚመጣው እሁድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምሠራ ገና አላሰብኩም ነበር።